የትናንቱ ጥገና ሲፈተን

የአሲሲውን ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1997 ነው (በዚህ ጽሑፍ ቀኑም ዓመቱም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ሌሊቱን ማዕከላዊ ጣሊያን በርዕደ መሬት ተመታች። ሲነጋ አሲሲ ከተማ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱስ ፍራንሲስ ባዚሊካ፣ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማየት የገዳሙ ሰዎችና ባለሙያዎች ገቡ። ካሜራም አብሯቸው ገባ። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መሬቷ እንደገና ተናወጠች። ከላይ ያለው ቅስት ድንገት ተናደ፤ ወዲያው ሁሉም ነገር አቧራ ሆነ። 4 ሰዎች እዚያው ሞቱ። ሁለቱ የገዳሙ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ጉዳቱን ሊመዘግቡ የመጡ ባለሙያዎች።

ቪዲዮውን ያየ ሰው ጥፋተኛውን ለማወቅ አይቸገርም። መሬት ተንቀጠቀጠች፣ ቤተ ክርስቲያኑ አርጅቷል፣ ወደቀ። እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚህ አልፎ መጠየቅ አስፈላጊ አልመሰለኝም ነበር። ነገሩን የቀየረልኝ የሮሙ መሐንዲስ ጆርጆ ክሮቺ የሰጠው ማብራሪያ ነው። ባዚሊካውን ከውድቀት ለማዳን ቀድመው ከደረሱት አንዱ ነው። እሱ እንደሚለው ቅስቶቹ ጀርባ ላይ፣ ከታች የሚጸልይ ሰው ፈጽሞ በማያየው ቦታ፣ የተከመረ ነገር ነበር። ለዘመናት ጣሪያው በታደሰ ቁጥር የተሰባበረው ጡብና ፍርስራሽ ወደ ውጭ አልተጣለም። ማን ይሸከመዋል? እዚያው ተገፍቶ ቀረ። ቶን በቶን ተጠራቀመ። መሬት ስትናወጥ ይህ ልቅ ክምር ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል፤ ሲመለስ ደግሞ ቅስቱን ይገፋዋል። በዚያ ላይ 20ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ የጥንቱ ጣሪያ በኮንክሪት ተተክቶ ነበር። ኮንክሪቱ ለጥንካሬ ነበር የገባው፤ ለዚያ ግንብ ግን ከልክ በላይ ከባድና ግትር ነበር።

ስለዚህ አሲሲ ላይ የወደቀው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች ሥራ ብቻ አልነበረም። ከእነሱ በኋላ በቅን ልብ የተደረገ ጥገናም አብሮ ነው የወደቀው። እንዲያውም የጥንቱን ይዞት የወረደው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ በርዕደ መሬት ስለተጎዳ ቅርስ ባነበብኩ ቁጥር የምጠይቀው ይኼን ነው፤ መጨረሻ የነካው ማን ነበር? ከየአገሩ ባንዲራውን ይዞ ለእርዳታ የሚመጣው ሁሉም መጀመሪያ ይህን ጥያቄ ይዞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው መልስ ይዞ ነው።

ኔፓልን ውሰዱ። ኤፕሪል 25 ቀን 2015 መጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት አገሪቱን መታ። ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ካትማንዱ መሃል ካስታማንዳፕ የሚባል ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት አዳራሽ ነበር፤ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። በዚያ ቀን ውስጡ ደም ልገሳ ይካሄድ ነበር። ሕንፃው ከነሰዎቹ ተደረመሰ።

ሕይወት ለማትረፍ መሯሯጡን ማንም አይወቅስም። ግን ፍርስራሹ በከባድ ማሽን ሲጠረግ የተቀረጸው እንጨትና የጥንቱ ጡብ አብሮ ተጠረገ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው። ከዚያም ወሬው መጣ። መሠረቱ ደካማ ስለሆነ ነው የወደቀው፣ አዲስ ሲሠራ ከታች ጀምሮ በዘመናዊ መንገድ መሠራት አለበት ተባለ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል። መሠረቱ ደካማ ከተባለ ኮንክሪት ለማፍሰስ መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የኔፓል የአርኪዮሎጂ መምሪያና በሮቢን ኮኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዙ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ቡድን አንድ ላይ መቆፈር የጀመሩት። ልብ በሉ፤ ለመሥራት አይደለም፣ ለማየት ነው። ያገኙት ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ መሠረቱ ምንም አልሆነም። የጡብ ግድግዳዎች እርስ በርስ እየተቋረጡ የተጠላለፉበት፣ መሬት ስትናወጥ አብሮ የሚይዝ አሠራር ነው። ዕድሜውም ይታሰብ ከነበረው 12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን ወረደ። ከሥሩ በወርቅ ቅጠል የተሠሩ ማንዳላ የሚባሉ ትናንሽ ቅዱስ ንድፎች ተገኙ፤ ግንበኞቹ ሥራቸውን ሲጀምሩ ያኖሯቸው ናቸው።

ሁለተኛው ግኝት የበለጠ ይከነክናል። ያ ሁሉ ፎቅ የቆመው በአራት ትላልቅ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነበር። እያንዳንዱ ምሰሶ ከሥሩ የሚቀመጥበት የተጠረበ ድንጋይ አለው። ከአራቱ አንዱ ግን ከድንጋዩ ጋር አልተያያዘም። 1960ዎቹ ውስጥ በተደረገ እድሳት ወለሉ ሲነጠፍ ነገሩ ከሥር ተሸፍኖ ቀረ። ለ50 ዓመት ያህል ካስታማንዳፕ አንድ እግሩ መሬት ያልነካ ወንበር ሆኖ ቆሞ ነበር። ከላይ ላየው ሰው ወለሉ ያማረ፣ የታደሰ ነው። የወደቀው በዕድሜው ምክንያት አልነበረም። ዕድሜውማ ለመቆም በቂ ነበር።

ይህ ትብብር ከሌላው ሁሉ በላይ ለምን ደስ እንዳሰኘኝ ልንገራችሁ። የውጭዎቹ ያመጡት ሲሚንቶም ዲዛይንም አልነበረም፤ መልስ ነው። መልሱም የከተማው ሰው እጅ ገባ። መንግሥት ሥራውን በጨረታ ሕጉ መሠረት ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ተቋራጭ ሊሰጥ ሲል፣ ብረትና ኮንክሪትም ሲታሰብ፣ ነዋሪው አደባባይ ወጣ። ካስታማንዳፕ በጨረታ አይሠራም አለ። ብዙ ከተጓተተ በኋላ ሥራው በነዋሪው ኮሚቴ እጅ ሆነ፤ በእንጨት፣ በጡብና በጭቃ፣ በአካባቢው አናጢዎች ተሠርቶ ቆመ። ያ የጥንት መሠረትም ከሥሩ አለ።

የባም ታሪክም ከዚህ አይርቅም፤ ከበድ ይላል እንጂ። ባም ደቡብ ምሥራቅ ኢራን ውስጥ በበረሃ መሃል ያለች የተምር ከተማ ናት። ከአጠገቧ ያለው አርግ የሚባለው ምሽግ በዓለም ትልቁ የጭቃ ግንብ ነበር። ዲሴምበር 26 ቀን 2003፣ ሰው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ መጠኑ 6.6 በሆነ ርዕደ መሬት ተመታች። ከ26 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ምሽጉ ወደ አፈር ክምርነት ተቀየረ። ዩኔስኮ 2004 ላይ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝርም አብሮ አስገባው፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው 2013 ላይ ነው።

ራንዶልፍ ላንገንባክ የሚባል አሜሪካዊ የጥበቃ ባለሙያ ፍርስራሹን አይቶ አንድ ነገር አስተዋለ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የታደሱት ክፍሎች ክፉኛ ሲፈርሱ፣ ማንም ሳይነካቸው ለዘመናት የቆዩ አንዳንድ ፍርስራሾች ግን እንደቆሙ ነበሩ። ምስጦችን ይጠረጥራል። አዲሱ ጭቃ ውስጥ የገባው ጭድ ለምስጥ ቀለብ ነው። ምስጡ ሲበላው ግድግዳው ከውጭ ሙሉ፣ ከውስጥ የተቦረቦረ ይሆናል። ነገሩ ክርክር አለበት። ግን እኔ ስሰማው አልገረመኝም።

ማያንማር ውስጥ ያለችው የቤተ መቅደሶች ከተማ ባጋን ላይ ግን ክርክር እንኳ የለም። 1975 ላይ በርዕደ መሬት ስትመታ ዩኔስኮ ገብቶ ለዓመታት በጥንቃቄ ሠርቷል። ፈረንሳዊው አርክቴክት ፒየር ፒሻር ከሁለት ሺህ የሚበልጡትን ቤተ መቅደሶችና ፓጎዳዎች አንድ በአንድ ለክቶ 8 ጥራዝ የሞላ መዝገብ አዘጋጀ። ከዚያ 1990ዎቹ መጡ። ወታደራዊው መንግሥት ባለሙያ ሳይሰማ በፈረሱት ግንቦች ላይ በአዲስ ጡብና ሲሚንቶ ጫፍ መትከል ጀመረ። ኦገስት 24 ቀን 2016 መሬት ስትናወጥ ወደ 400 የሚጠጉ ግንቦች ተጎዱ፤ ከተናደው ብዙው ያ አዲሱ ጫፍ ነበር። ዩኔስኮ ተመልሶ ሲገባ ከምንም በላይ የጠቀመው ያ የፒሻር መዝገብ ነው። ከዚህ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚነግር ወረቀት።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው "ገባን፣ ብረትና ሲሚንቶ አይነካ፣ የጥንቱ ይበቃል" ልትል ነው ይላል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ባክታፑር ላይ አንድ ሕንፃ አለ፣ አላስቀምጥ አለኝ።

ባክታፑር ከካትማንዱ አጠገብ ያለች የድሮ ንጉሣዊ ከተማ ናት። አደባባይዋ ላይ ቺያሲሊን ማንዳፕ የሚባል ስምንት ማዕዘን ድንኳን መሰል የእንጨት ሕንፃ ነበር። 1934 ላይ በደረሰው ታላቅ ርዕደ መሬት ወድቆ ቀረ። 1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ጀርመን በስጦታ መልክ አሠራችው። አርክቴክቶቹ ኒልስ ጉቾውና ጎትስ ሃግሙለር የድሮ ፎቶዎችን አጠኑ፣ የተረፉትን የጥንት እንጨቶች ፈልገው መልሰው ተጠቀሙ። ውስጡ ግን የብረት አጥንት አስገቡለት፤ አልደበቁትምም፣ ቀና ብላችሁ ስታዩት ይታያል። ብዙ ሰው ተቆጣ። የጥንት ሕንፃ ውስጥ ብረት ምን ይሠራል?

2015 ላይ ዙሪያው ያሉት ቤተ መቅደሶች ሲወድቁ ቺያሲሊን ቆመ።

ይህን እንዴት እንደማስታርቀው ብዙ አስቤበታለሁ። ልዩነቱ ብረቱ ላይ ያለ አይመስለኝም። ያ ብረት የገባው መሬት ስትናወጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ተሰልቶ ነው። ሰው እንዲያየውም በግልጽ ነው የተተወው። የካስታማንዳፕ ምሰሶ ግን ማንም ሳያስብበት ወለል ለብሶ ቀረ። አሲሲም እንደገና ሲጠገን ክሮቺና ባልደረቦቹ ዘመናዊ ነገር አልጠሉም። ቅስቶቹን ከጀርባ ያጠናከሯቸው በአራሚድ ፋይበር (ቀላልና ጠንካራ ሰው ሠራሽ ቃጫ) በተሠሩ ቀጫጭን ጎድን መሰል ድጋፎች ነው፤ ክብደታቸው ኢምንት ነው። የመስቀለኛውን ክንፍ ጫፍ ግድግዳዎች ከጣሪያው ጋር ያገናኟቸው ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በተሠራ ምርምር በተገኘ ልዩ ብረት ነው። ይህ ብረት ትንሽ ሲነቀነቅ ይይዛል፤ ሲበረታ ትንሽ ይለቃል፤ ከልክ ሊያልፍ ሲል መልሶ ጠንክሮ ይገታል። ከዚያ በፊት ግን የቅስቶቹን ጀርባ ጠርገው አወረዱ። ቅስቶቹ ላይ ሰው መርገጥ ስለማይችል ሠራተኞቹ ከጣሪያው በተንጠለጠለ መድረክ ላይ ሆነው ነበር ፍርስራሹን የሚያነሱት። መጀመሪያ ሸክሙን ማውረድ፣ ከዚያ መደገፍ። ቅደም ተከተሉን እወደዋለሁ።

አሁን ስለ ገንዘቡ ላውራ፤ ሁሉም ሰው ትብብር ሲባል የሚያስበው እሱን ስለሆነ።

ካትማንዱ መሃል ያለው የሃኑማን ዶካ ቤተ መንግሥት ከርዕደ መሬቱ በኋላ የኤምባሲዎች ሰፈር መሰለ። ባለ ዘጠኝ ፎቁን ክፍል ቻይና ያዘችው። ነጩን የጋዲ ባይታክ አዳራሽ አሜሪካ ያዘችው፤ 2018 ላይ ጨርሳ አስረከበች። ሌላውን ማዕዘን ጃፓን። ሁሉም የየራሱ ባለሙያ፣ የየራሱ ስካፎልዲንግ፣ የየራሱ ትልቅ ሰሌዳ ነበረው። ሥራው መጥፎ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ግቢ ነው። መሬት ስትናወጥ የቻይናውን ክፍል ለይታ፣ የአሜሪካኑን ለይታ አትነቀንቅም።

ላኲላ ላይ ደግሞ ሰሌዳውም አልተገኘም። ኤፕሪል 6 ቀን 2009 ይህች የጣሊያን ከተማ በርዕደ መሬት ፈረሰች፤ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። የጂ8 (የስምንቱ ባለጸጋ አገሮች) መሪዎች ስብሰባ በዚያው ክረምት እዚያው እንዲካሄድ ተወሰነ። የዓለም መሪዎች በፍርስራሹ መሃል ተንሸራሸሩ፣ ፎቶ ተነሱ፣ የተጎዱ ቅርሶች ዝርዝር ቀረበላቸው። እያንዳንዱ አገር አንዱን "ያሳድግ" ተባለ፤ ልክ እንደ ማደጎ ልጅ። ፈረንሳይ የአኒሜ ሳንቴን ቤተ ክርስቲያን ያዘች፤ ከጣሊያን ጋር ተጋርተው 2018 ላይ ተከፈተ። ሩሲያ ፓላዞ አርዲንጌሊን ደገፈች፤ ዛሬ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው። ከቀረው የተስፋ ቃል ብዙው ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ባክታፑር ለዚህ ሁሉ የሰጠችው መልስ አስቂኝም አስገራሚም ነው። 2018 ላይ ጀርመን በልማት ባንኳ በኩል ለከተማዋ ቅርሶች ገንዘብ ልትሰጥ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ውሉን አነበቡ። አማካሪው እንዲህ ይመረጥ፣ ሥራው እንዲህ ይጫረት ይላል። እኛ ቤተ መቅደስ የምንሠራው በነዋሪው ኮሚቴ ነው፣ በጨረታ አይደለም አሉ። ገንዘቡን አንፈልግም አሉ። ያውም ቺያሲሊንን ላሠራላቸው አገር! ከዚያም ወገባቸውን ታጥቀው በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው አናጢ መሥራት ቀጠሉ። ሁሉም ከተማ እንዲህ ማለት አይችልም። ባክታፑር ከጎብኚ የምትሰበስበው ገቢ አላት፤ እንጨት መቅረጽ ከአባቱ የተማረ ሰውም አላት። እነዚህ ሁለቱ የሌሉት ምን ምርጫ አለው?

ስለዚህ ጉዳይ ስጽፍ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይገጥመኛል። ሰው እያለቀ ስለ ድንጋይ ታወራለህ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን የሰጡት እዚያው ያሉት ናቸው። ከካትማንዱ አጠገብ ባለችው ፓታን ከተማ ሕዝቡ ራሱ ቤት አጥቶ ሜዳ ላይ እያደረ፣ ነዋሪውና የሙዚየሙ ሠራተኛ ከወታደሩና ከፖሊሱ ጋር ሆኖ ከወደቁት ቤተ መቅደሶች የተቀረጸውን እንጨት እየተቀባበለ ወደ ሙዚየሙ ግቢ አስገባ። እዚያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ የካትማንዱ ሸለቆ ጥበቃ ትረስት የሚባል ድርጅት አለ። ፎቶውም ንድፉም በእጁ ነበር፤ አናጢዎቹንም በስም ያውቃል። ስለዚህ ወዲያው ሥራ ጀመረ። የውጭ ድርጅት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ከአደጋው በፊት 20 ዓመት እዚያ ኖሯል።

የባምም ትብብር የተሻለው ክፍል እንዲሁ ረጅሙና ዝምተኛው ነው። የጀርመኑ ድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሲስታኒ ቤት የሚባለውን አንድ ቤት ያዘ፤ ጣሊያኖች አንድ ግንብ ያዙ። ሁሉንም እንሥራ አላሉም። የኢራን ባለሙያዎች ደግሞ ጡቡን ራሱን ፈተሹ፤ ከተምር ዛፍ የሚገኝ ቃጫ ከጭቃው ጋር ሲቀላቀል ጡቡ የመሰንጠቅ ጠባዩን ይቀንሳል። ተምር በበዛበት አገር ከዚህ የቀረበ ዕቃ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ኔፓል ውስጥ የቤተ መቅደስ ጣሪያ ክዳን የሚቀመጠው በጭቃ ላይ ነው። ወፍ ፍሬ ትጥላለች፣ ዝናብ ይመጣል፣ ሣር ይበቅላል። ሥሩ ክዳኑን ያነሳዋል። ውሃ ይገባል። ከሥር ያለው እንጨት ቀስ እያለ ይበሰብሳል። መሬት ስትናወጥ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። መድኃኒቱ ከዝናቡ በኋላ መሰላል ተክሎ ሣሩን መንቀል ነው።

ይህን ይሠራ የነበረው ጉቲ የሚባል የማኅበር ሥርዓት ነው። ቤተ መቅደሱ መሬት አለው፤ ከመሬቱ በሚገኘው ገቢ ጥገናውም በዓሉም ይካሄዳል፤ ተራ የደረሰው ቤተሰብ ይወጣል። 1964 ላይ መንግሥት በሕግ ብዙዎቹን ጉቲዎች በአንድ ኮርፖሬሽን ሥር ጠቀለላቸው። መሬቱ እየተሸረፈ ሄደ፤ ከእሱ ጋር ሣር ነቃዩም ሄደ። 2019 ላይ የቀሩትንም የሚነካ ረቂቅ ሕግ ሲመጣ የካትማንዱ ሰው በብዙ ሺዎች ጎዳና ወጣና መንግሥት ረቂቁን ለመተው ተገደደ። ከዚያ በኋላም ለጋሾች ከተማዋ ውስጥ አዳዲስ ሰሌዳ ተክለዋል፣ ሪባን ቆርጠዋል። ለሣር ነቀላ የሚሆን በጀት ይዞ የመጣ ኤምባሲ ግን እስካሁን አላየሁም።